የወለላ ጦጣ

ቸሩ ተሳቢውን ከጅቡቲ ከተማ ውጭ አቁሞ፣ በሚኒባስ አምቡሊ ሰፈር ሲወርድ የእህቱ የወለላ ስልክ ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እስከዚህ ወር ድረስ የሚነዳው የሞያሌን መስመር ነው። ጅቡቲ ተመደብኩ ብሎ የጻፈላት ዕለት "ደስ ብሎኛል" የሚል መልስ መጣ። ከዚያ ስልኩ ጥርቅም።

እናታቸው ሲወጣ ሁለት ነገር አዘዘችው። አንደኛ፣ ልጄን በዓይንህ ሳታያት እንዳትመለስ። ሁለተኛ፣ ጦጢትን ሳምልኝ።

ጦጢት የካርቱን ጦጣ ናት። የወለላ ድምፅ በስልክ ከተሰማ ቆይቷል፤ ቤት የሚደርሰው ቪዲዮ ብቻ ነው፤ ቪዲዮው ላይ ደግሞ ጦጢት አትቀርም። ወለላ የእውነት፣ መንገዱ የእውነት፣ ጦጣዋ ግን በእጅ የተሳለች። መጀመሪያ ላይ ወለላ ጀርባ ላይ ታዝላ ነበር የምትታየው። ቀጥሎ ጭኗ ላይ መቀመጥ ያዘች። ዘንድሮ የወለላን ጣት ይዛ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ትራመዳለች፤ ጥላዋ ሳይቀር አሸዋው ላይ ይከተላታል። እናትየው ሥራው እያማረ መጣ ብላ ለጎረቤት ታሳያለች።

ወለላ ትሠራበታለች የተባለው ግቢ በር ላይ ሙሕሲን የሚባል ሽማግሌ ዘበኛ ተቀምጧል። አማርኛ ከሹፌሮች ለምዷል።

"ወለላ? ከወጣች ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው" አለ። "ታማ ነበር። መቆም ሲያቅታት ማዳም አስወጣቻት።"

የት እንደሄደች ግን አያውቅም።

ታዲያ ባለፈው ወር ቪዲዮ ላይ "ማዳም ፈቃድ አልሰጥ አለችኝ" ስትል የነበረችው የትኛዋ ወለላ ናት? ቸሩ ቪዲዮውን ደጋግሞ ከፈተው። ጥጉ ላይ በደቃቅ ፊደል የሠሪው ስምና ሰፈር ተጽፏል፦ ኢዛና፣ ካርቲየ 5።

ካርቲየ 5 ሲደርስ ቀትር ነው፤ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ቤቱ ገብቷል። ኢዛናን ለማግኘት ግን ሁለት ሰው መጠየቅ በቃው። ጣቱ ቀለም የጠገበ ቀጭን ልጅ ነው፤ አንዲት ክፍል አለችው፣ ግማሿ በመጋረጃ የተከለለች። ቸሩ ደንበኛ መስሎ ገባ። ለሠርግ ቪዲዮ ነው አለ፤ ሥዕሉ ከሰው ጋር እንዴት አብሮ እንደሚሄድ ጠየቀ።

ኢዛና ጥቁር ፕላስተር አንስቶ አሳየው። "አየር ላይ ዝም ብሎ አይሳልም። ይሄን እለጥፋለሁ፣ ኮምፒውተሩ እሱን ይከተላል፣ እኔ እላዩ ላይ እስላለሁ። የሚከተለው ነገር ከሌለ ሥዕሉ ይንሳፈፋል።"

"ሰውስ? የሌለ ሰው እንዳለ አድርገህ ትሠራለህ?"

"ጊዜ ስጠኝ እንጂ ምን ያቅተኛል፣ ወንድሜ።"

የሌለች ጦጣ ያመጣ ሰው የሌለች እህት ማምጣት ያቅተዋል? ዓይኑን ሲያነሳ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ቢጫ ሻሽ አየ። ራሱ የገዛላት ነው፤ ከቤት ስትወጣ አናቷ ላይ ነበር።

ኮሌታውን አነቀው።

"እህቴን ምን አደረግካት?"

ኢዛና አልታገለም። መጋረጃውን ብቻ አየ።

"ልቀቀው፣ ቸሩዬ።"

ወለላ ቆማለች። ከስታለች እንጂ ራሷ ናት። ቸሩ እጁ ከኮሌታው ላይ ወደቀ፤ ጥርጣሬው ግን አልወደቀም። ይሄ ልጅ አግቶሽ ነው ወይ አላት። ማንም አላገተኝም አለች። ታዲያ ከማን ነው የምትደበቂው ሲላት፣ እማዬ ምን ብላ ላከችህ አለችው።

"ሳላይሽ እንዳልመለስ ነዋ" አለ፤ ንዴቱ ገና አልበረደም። "ደግሞ ያቺን ጉደኛ ጦጣሽን ሳምልኝ ብላለች።"

ወለላ ወደ መጋረጃው ዞረች።

"ነይ" አለች።

ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ግንባሯና ደረቷ ላይ ጥቁር ፕላስተር እንደተለጠፈ፣ ወጥታ የቸሩን ጣት ያዘች።