ሐጃ የናቁት አልጋ

«ይኼው ነው? ሌላ መኪና የለም?»

ሐጃ ኢንሺራህ ይህን ያሉት መንገዱ መሃል ቆመው ነው... ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ እያየ።

የልጃቸው የሸውቂ ሙሽራ የናህላ የጎጆ መውጫ ዕቃ የሚገባበት ቀን ነበር።

እዚህ በግብፅ ማንሱራ ከተማ ይህ ቀን ቀላል ቀን አይደለም። የሙሽሪት ቤተሰብ የገዛውን ዕቃ በጭነት መኪና ላይ ደርድሮ፣ ከበሮ እያስመታ ሰፈሩን ያዞረዋል። ሰውም ቆሞ መኪና ይቆጥራል...

የናህላ ዕቃ የመጣው በአንዲት መኪና ነው።

እናቷ ቡሰይና ባሏ የሞተባት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። የቤት ዕቃ ሠሪዎቹ ከተማ ዱምያጥ ድረስ ሄዳ፣ እንጨቱን በእጇ ዳብሳ መርጣ፣ አንድ አልጋና አንድ ቁም ሳጥን ከወፍራም ጣውላ አሠራች። ጥሩ የጥጥ ፍራሽ... ጥቂት ከባድ ድስቶች... በቃ። ልጇ የማትጠቀምበትን ነገር አልጨመረችም።

ሐጃ አልጋውን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉና ወደ በረንዳዎቹ ቀና አሉ።

«ሙሽራ ነው የላካችሁልኝ... ወይስ ከጎርፍ የተረፈች?»

ሰዉ ሳቀ።

ቡሰይና አቀረቀረች። ሸውቂ ከእናቱ አጠገብ ቆሞ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከፊት ለፊት ያለው ፎቅ ላይ ስለምኖር ሁሉንም አይቻለሁ። ያን ቀን ሙሽራው ከሐጃ ይልቅ ነው ያስጠላኝ።

በዚያው ዓመት የሐጃ የራሳቸው ልጅ ሪሃብ አገባች።

መንገዱ በጭነት መኪና ተዘጋ። የጁስ መፍጫ በጁስ መፍጫ ላይ... ብርድ ልብስ በሪባን ታስሮ... ወርቅ የተቀባ የሚመስል ቁም ሳጥን... ሐጃ እያንዳንዱን ካርቶን በስሙ እየጠሩ ለሰፈሩ አስተዋወቁ።

ሪሃብን ምን እንደምትፈልግ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።

ክረምቱ መጣና ዝናቡ ጀመረ።

ያ የሚያብረቀርቅ ቁም ሳጥን ለካ ቺፑድ ነው። እርጥበት ሲነካው እንደ ነከሩት ዳቦ አበጠ፣ በሩም አልዘጋ አለ። ውስጡ በላስቲክ እንደታሸገ የቀረው ፎጣ ሻገተ። አልጋ ስር የተከመሩት ካርቶኖች ውስጥ በረሮ ተራባ።

አንድ አርብ ሪሃብ የባሏን ቤተሰብ ምሳ ጠራች። አማቷ ሩዙን ጎረሱና ቀስ ብለው ከምላሳቸው ላይ ጥቁር ቅርፊት አወጡ... የድስቱ ቀለም ነው፤ ተልጦ ምግቡ ውስጥ ገብቷል።



ብዙም ሳይቆይ፣ ሪሃብ እርጉዝ ሆና ሆዷ ገፍቶ ሳለ፣ እላዩ ላይ እንደተቀመጠች አልጋው ከመሃል ተሰብሮ ይዟት ወደቀ። ፅንሱ ተረፈ፤ ሐኪሙ ግን እስክትወልድ ከአልጋ እንዳትነሳ አዘዘ።

ከየትኛው አልጋ?

አስቀያሚው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው...

ናህላና ሸውቂ ሥራ በዋሉበት ቀን ሐጃ ከራሳቸው ቤት በላይ ያለውን የባልና ሚስቱን ቤት በትርፍ ቁልፍ ከፈቱ። ተሸካሚ ይዘው ገቡና ያን የናቁትን አልጋ ከነፍራሹ ጭነው ለሪሃብ ወሰዱላት።

በቦታው ያስቀመጡትን ታውቃላችሁ?

ስብርባሪውን።

ናህላ ማታ ገብታ ስታይ ስብርባሪው የሪሃብ አልጋ መሆኑን ወዲያው አወቀች። ሸውቂ ቱግ ብሎ ሄዶ ሊያመጣ ተነሳ። በሩ ላይ ያዘችው።

«ሪሃብ ምን አጠፋች? በሰላም እስክትገላገል ትተኛበት። እናትህ ግን ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት ቁልፍ የላቸውም።»

ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት ወለል ላይ አንጥፈው ተኙ።

ሪሃብ ደግሞ የምታውቀው ሌላ ነው። እናቷ አዲስ አልጋ ገዛሁልሽ ብለዋታል።

ሴት ልጅ ወለደች። ናህላ ሾርባ ሠርታ ከሸውቂ ጋር ልትጠይቃት ሄደች። ሪሃብ አልጋውን እየዳበሰች፣ እናቷ በመጨረሻ ደህና ነገር እንደገዙላት፣ ወገቧ ያረፈው በሱ እንደሆነ አወራቻት። ናህላ እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ ብላት፣ ሕፃኗን ስማ ወጣች።

ሸውቂ ግን ወደኋላ ቀረ። በዚያ ቀን መንገድ ላይ ዝም ያለው ሰው አሁን ዝም አላለም። ለእህቱ ሁሉንም ነገራት...

ሪሃብና ባሏ ያልተከፈቱትን ካርቶኖች አንድ በአንድ ሸጡ። ያ ሁሉ ክምር አንድ የረባ አልጋ ብቻ አሠራ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ የጭነት መኪና እኛ ሰፈር ቆመ። ሪሃብ ልጇን ታቅፋ ወረደች፤ ከኋላ የናህላ አልጋ ተጭኗል። ሐጃ ደንግጠው ሮጠው ወጡና አስመልሺው፣ ሰው እያየ ነው አሏት።

ሪሃብ ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም።

«እማዬ፣ አንቺ ለእኔ የገዛሽው ለሰው ዓይን ነው። የናህላ እናት የገዛችው ለልጇ ወገብ ነው። እኔ ያንን ሰርቄ አልተኛበትም።»

ናህላ ከደረጃው ወርዳ አቀፈቻት። ሁለቱም አለቀሱ።

ሐጃስ ይቅርታ የጠየቁ መሰላችሁ?

ፊታቸውን ወደ በረንዳዎቹ አዞሩና ፈገግ ብለው፣ «ለልጄ አዲስ አልጋ ገዝቼለት ነው» አሉ።

እልል ያለ የለም።

አንድ በአንድ ወደ ቤታችን ገብተን በራችንን ዘጋን።

ወዳጆቼ... ዕቃ ስትገዙ ጎረቤት ምን ይላል ብላችሁ ሳይሆን ስንት ክረምት ይችላል ብላችሁ ግዙ። ጥቂት ይሁን፣ ግን የሚቆይ ይሁን። ሰው የሚያየው አንድ ቀን ነው፤ ዕድሜ ልክ የምትኖሩበት እናንተ ናችሁ።

እስቲ በሐቅ መልሱልኝ... እናንተ በናህላ ቦታ ብትሆኑ አልጋውን ለሪሃብ ትተዉላት ነበር ወይስ በዚያው ምሽት ሄዳችሁ ታመጡ ነበር? ኮመንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።