ግራ እጅ ዝም ያለበት ቦታ

ሙሉብርሃን የሰደበኝ ጥር አሥራ አራት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ በዚሁ በመዘምራን መለማመጃ ክፍል። የጻፍኳት የመጀመሪያዋ ሙዚቃ ተሰምታ እንዳለቀች እግሩን አነባብሮ፣ «አሸብር፣ ይሄ እኮ ክላሲካል አይደለም፤ ሰልፍ ነው። ለመሆኑ ትምህርት ስንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምከው?» አለኝ። ሰባት ሰው ነበር። ሰባቱም ሳቁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ አልነገርኩትም።

እሱ መምህር ነው። እኔ ኖታ የተማርኩት በጦር ሠራዊት የማርሽ ባንድ ውስጥ ቱባ የሚባለውን ትልቅ መለከት ስነፋ ነው፤ አሁን አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ እጭናለሁ። የየራሳችንን ድርሰት እያመጣን የምንተራረምበት ቅዳሜ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም አልቀረብኝም። ድርሰት አላመጣሁም፣ አስተያየት አልሰጠሁም። የምመጣው የሱን ቀን ልጠብቅ ነው።

ዛሬ ደርሷል።

ድርሰቱን ሰብሳቢያችን ዶርቃ በራሷ እጅ ጽሕፈት ትገለብጠዋለች፤ የማን እንደሆነ የምትናገረው ሰው ሁሉ አስተያየቱን ጨርሶ፣ ለፋሲካ ዝግጅት ይሁን አይሁን ተብሎ እጅ ከወጣ በኋላ ነው። የድርሰቱ ባለቤትም እስከዚያ አፉን ይይዛል። ይህን ደንብ ያወጣችው ያን ቀን እኔን አይታ ነው ይላሉ። አላመሰገንኳትም። ለማንኛውም ማክሰኞ ዕለት ሙሉብርሃን ለሥራ ከሄደበት ከጎግ ወረዳ መጥቶ ከመኪና ሲወርድ የታጠፈ ወረቀት ሲሰጣት በዓይኔ አይቻለሁ።

መብራት ስለጠፋ ማራገቢያው ቆሟል። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። እነሳለሁ፣ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

«አሸብር፣ ወንበሩ ጉንዳን አለው እንዴ?» ይለኛል ኦጅዋክ፣ በባትሪ ከሚሠራው ኪቦርድ ኋላ ሆኖ። የቤተ ክርስቲያኑ ተጫዋች እሱ ነው።

«አንተ ዝም ብለህ ተጫወት።»

ይጀምራል። ግራ እጁ ከታች ቀስ እያለ ይመላለሳል፤ ቀኝ እጁ አንዲት አጭር ዜማ ይዞ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል። መሃል ላይ ግራ እጁ ድንገት ዝም ይላል። ዜማዋ ብቻዋን ትቀራለች፣ ከሥር የሚደግፋት የለም። ሁለት እስትንፋስ ያህል። ከዚያ ግራ እጁ እኔ ከጠበቅኩት በጣም ዝቅ ብሎ ይገባል።

የክንዴ ጠጉር ይቆማል። እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ይሄን የጻፈ እጅ የሙሉብርሃን መሆኑ ነው ያንገበገበኝ።

ሲያልቅ ኦጅዋክ እጁን ከኪቦርዱ ሳያነሳ፣ «ይሄ ጥሩ ነው። በጣም ነው ጥሩ» ይላል።

«እኔ ልናገር?» እላለሁ።

ዶርቃ ገርሟት ታየኛለች። «ምን ተገኘ ዛሬ! ተናገር።»

«ይሄ ያልበሰለ ሰው ሥራ ነው። መሃሉ ላይ ግራ እጅ ዝም የሚለው ለምንድነው? ምን እንደሚያስገባበት ስለጠፋው ነው። ባዶውን ጥሎት ሄደ። ሰውዬው መጀመሪያ ይማር፣ ከዚያ ይጻፍ።»

ይህን ስል ፊቱ ሲጠቁር ለማየት ዓይኔን ሙሉብርሃን ላይ ተክያለሁ። አይጠቁርም። አገጩን ይዞ ያስባል።

«አሸብር እውነቱን ነው» ይላል።

«ምን?» እላለሁ።

«ያ ቦታ እኔንም ከንክኖኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩትም። የባንድ ሰው ጆሮ ሌላ ነው።» ወደ ሰዎቹ ይዞራል። «ይሄን ሰውዬ እኮ አልተጠቀምንበትም፣ አይደለም እንዴ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰው አፍ እንዲወጣ ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነው። ሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እጅ ሲወጣ ከኦጅዋክ በቀር ያወጣ የለም፤ ታርሞ ይምጣ ይባላል። ዶርቃ ወረቀቱን ገልብጣ ስሙን ታነባለች።

«የኛማል።»

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ትነሳለች። ልትሰማ የመጣች እንግዳ መስላኝ ነበር። ጎግ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ሙሉብርሃን ማክሰኞ የያዘው ወረቀት የሷ ኖሯል። ዛሬ ጠዋት በጭነት መኪና መጥታ የቀሚሷ ጫፍ ገና አቧራ ነው። አታለቅስም። ወረቀቱን ከዶርቃ ተቀብላ እርሳስ ይዛ እኔ ዘንድ ትመጣለች።

«ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እኔ በስልክ እያየሁ ነው የተማርኩት፤ እዚያ የሚነግረኝ ሰው የለም።» ጣቷን ቦታው ላይ ታደርጋለች። «እዚህ ጋ ዝም ሲል እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ስህተት መሆኑን አላወቅኩም። በምን ልሙላው?»

«ንገራት እንጂ» ይላል ሙሉብርሃን፣ ወንበሩን ጎትቶ አጠገቤ እየተቀመጠ። «እኔም ልስማ።»

አንድ ቃል ይበቃታል። አትንኪው። ግን ያን ብል፣ ታዲያ ቅድም ያልከው ምን ነበር መባሌ ነው፤ እሱም እግሩን አነባብሮ ይሰማኛል።

እሷ እርሳሱን አዘጋጅታ አፍ አፌን ታያለች።

እነሳለሁ።

«ጋሼ?»

በሩን ገፍቼ እወጣለሁ። ፀሐዩ ዓይኔን ያጨልመዋል። ግድግዳውን ይዤ በመስኮቱ በኩል ሳልፍ እኔ በለቀቅኩት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ሙሉብርሃን ጎንበስ ብሎ በጣቱ እያሳያት፣ እርሳሷ ዝም ያለው ባዶ ቦታ ላይ ይወርዳል፣ ይነሳል፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ እንደገና ይወርዳል።