የትብለጥ ምስክርነት

ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሁሉ ለትምህርቱ ቦታ እንዲለቅ ከትዝታው አንዱን ያስወጣል፤ የዘመኑ ደንብ ነው። ልጄ ትብለጥም ሥነ ልቦና፣ ያውም የማስታወስን ነገር ልትማር ስትገባ «የቱን ላስወጣ እማዬ?» አለችኝ።

«አባትሽ እጄን የሰበረበትን ቀን አስወጪው» አልኳት። በስድስት ዓመቷ በር ላይ ቆማ አይታው፣ አድጋም በእንቅልፏ ታለቅሳለች። ይቅለላት ብዬ ነው። ከእሷ ሌላ ያየ ሰው እንደሌለ ያኔ አላሰብኩም።

ዩኒቨርሲቲ በገባች በሦስተኛው ዓመት፣ ያኔ እጄን ሲሰብር ያባረርኩት ባሌ ምትኩ ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ ታርቄ ቤቴ ልግባ ይላል። «እጄን የሰበረ ሰው አላስገባም» አልኩ።

«ወድቃ እኮ ነው የተሰበረችው» አለ።

ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ ወንዳፍራሽ ወደ ልጄ ዞሩ። «አንቺ ቤት ውስጥ ነበርሽ። ምን አየሽ?»

«አላስታውስም ጋሼ» አለች። «ደግሞ ትዝታ እንደ ፎቶ አይደለም፤ ባስታወስነው ቁጥር እንደ አዲስ እንሠራዋለን። እማዬ አትዋሽም፣ ግን ተሳስታ ሊሆን ይችላል።»

«ተባረኪ፣ መማር እንዲህ ነው» አለ ምትኩ።

«ያን ቀን ከትዝታዋ ያስወጣችው በእኔ ምክር ነው» ብዬ ተነሣሁ።

«እንግዲያ ምስክርሽን ራስሽ አጠፋሻት» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ። እንዲገባም ፈረዱ። እምቢ ብል ማን ሰማኝ።

ምሳ ቀረበ። ትብለጥ ማስታጠቢያውን ይዛ አባቷ ፊት ጎንበስ አለች።

«ውሃው ሞቀህ እንዴ አባዬ?» እያለች ቀስ አድርጋ አፈሰሰችለት። እነዚያን እጆች ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቃቸው የለም።