የአንበሳው ድርጎ

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ሐምሌ ሲገባ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር ላለች አንዲት መንደር አዲስ ትእዛዝ ደረሰ። ከእንግዲህ የዱር አውሬ ሁሉ የመንግሥት ነው ተባለ። መንግሥት ማለት ያን ጊዜ መተማን የያዘው ጣሊያን ነው።

ትእዛዙን ያመጣው ካፒቴን ሲያዩት ክፉ ሰው አይመስልም። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በአስተርጓሚ በኩል ረጋ ብሎ አስረዳ። አውሬ ማንም እየተነሣ ከገደለው ያልቃል፤ አደን ሥርዓት ይፈልጋል። ከወንዙ ማዶ ያለው ጥቁር ጎፈር አንበሳ በኅዳር፣ ሣሩ ሲደርቅ፣ ለአደን ከጎንደር ለሚመጣ ትልቅ ሹም ተመድቧል። እስከዚያ የነካው ይሰቀላል።

«ሰው በልቷል እኮ» አሉ ሽማግሌው አቶ ውባንተ። «የዚችን ምስኪን ባል በሚያዝያ ነው የበላው። አውሬ ይጠበቅ ስትሉ እኛንስ ማን ይጠብቀን?»

አሰበችን ነበር የሚያሳዩት። እሷ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

ካፒቴኑ ጥቂት አሰበ። አንበሳ ሰው የሚበላው ሲርበው ነው፤ እንግዲያው አይራብ። በየሳምንቱ መንደሩ በተራ አንድ ከብት ይረድለት። ይህ ለአውሬውም ለሰውም ይበጃል ብሎ ተነሣ። መንደሩ ለሹም ድርጎ ማውጣት ከጥንትም ያውቅበታል፤ ለአንበሳ ሲያወጣ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጠባቂ ያስፈልግ ነበርና ያረጋል ተሾመ። ያረጋል በደጉ ጊዜ ሁለት አንበሳ ገድሎ የፎከረ አዳኝ ነው። የሌላው ሰው ጠመንጃ ሲገፈፍ የእሱ ተመለሰለት፤ አንበሳውን ከሰው እንዲጠብቅበት። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ሲያልፍ ሰላም የሚለው ጠፋ። ሥጋውን ሱዳን ወስዶ ይሸጠዋል ያሉም ነበሩ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ በነገር ይወጉታል።

እሱ ሥራውን አጥብቆ ያዘ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተረኛው ከብቱን ያሳርዳል፤ ቆዳው ለባለቤቱ ይቀራል፤ ሥጋው በብልት በብልቱ ተለይቶ በአህያ ይጫንና ያረጋል ብቻውን ወንዙን ይሻገራል። ማንም እንዲከተለው አይፈቅድም። የነጋዴው የኸሊል ተራ በደረሰ ጊዜ ኸሊል ራሱ ሊያርድ ቢላዋ ቢያነሣ፣ ያረጋል ከልክሎ በክርስቲያን እጅ አሳረደው።

«አንበሳው ክርስትና የተነሣ መቼ ነው?» አለ ኸሊል። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ያረጋል አልሳቀም።

በፍልሰታ ጊዜ ወንዙ ሞልቷል ብሎ ሁለት ቅዳሜ ሳያሳርድ ቀረ። እንደዚያም ሆኖ አንበሳው ወደ መንደሩ አልመጣም፤ ድምፁም አልተሰማ። ካፒቴኑ ዘዴዬ ሠራልኝ ብሎ ደስ አለው።

አሰበችን ግን እንቅልፍ የነሣት ሌላ ነበር። አንድ ልጇ ገብረማርያም ጠመንጃዬን አላስረክብም ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ጫካ ገብቷል። የት እንደሚያድር አታውቅም። የምታውቀው ከወንዙ ማዶ መሆኑን ብቻ ነው፤ አንበሳውም ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። አባትን የበላ አፍ ልጁን አይምርም እያለች እህል አልወርድ ብሏት ከረመች።

መስከረም ሲያልቅ ተራው የእሷ ሆነ። ያላት አንድ በሬ ነው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅታ የምታሳርስበት። ወደ ያረጋል ቤት ሄደች።

«ጋሼ ያረጋል፣ እርስዎ ጠመንጃ አለዎት። ይግደሉልኝና እኔ ገደልሁ ብዬ ልሰቀል።»

«አይሆንም።»

«ልጄ እዚያ ነው እኮ! ዛፍ ሥር ነው የሚያድር!»

ያረጋል ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። «ልጅሽን አንበሳ አይበላውም። በሬውን አምጪ። የሰባ ከሆነ ደግ ነው።»

አንጀቷ አረረ። ለአውሬ የሚራራ ሰው ለእናት አለመራራቱ አንገበገባት። ከዚያው ወደ ኸሊል ሚስት ወደ መስቱራ ሱቅ ዘለቀች። መስቱራ ከድንበር ማዶ ከሱዳን የሚመጣ የጅብ መርዝ ነበራት፤ በሥጋ ውስጥ የሚደረግ ነጭ ዱቄት።

«ለጅብ ነው?» አለች መስቱራ።

«ለጅብ ነው።»

መስቱራ ፊቷን አየቻትና ሌላ ሳትጠይቅ በዛ አድርጋ ቋጠረችላት። «ወላሂ፣ እጅሽን ደህና አድርገሽ ታጠቢ» አለቻት።

ቅዳሜ በሬው ታረደ። ያረጋል አህዮቹን ሊያመጣ ሲሄድ አሰበች ከሥጋው ጋር ቀረች። ሽንጡንም ታፋውንም በቢላዋ ወጋ ወጋ እያደረገች ዱቄቱን ጎሰጎሰችበት፤ ላዩን በደም አበሰችው። ሥጋው ተጭኖ ወንዙን እስኪሻገር ቆማ አየች። ባሏን በስሙ ጠርታ «ደምህን መለስሁ» አለች። በሬዋ ሄዷል፤ ለከርሞ የምታሳርስበት የላትም፤ ቢታወቅባት ገመድ ይጠብቃታል። ቢሆንም ያን ዕለት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጠግባ በላች።

ማክሰኞ ያረጋል ያለ ቀኑ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ሲመለስ ልብሱ አፈር በአፈር ነው፤ መዳፉ በዶማ ተልጧል። ወደ ቤቱ ሳይሄድ በቀጥታ አሰበች ደጅ መጥቶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ።

አሰበች ለአንበሳው እንደሚያለቅስ አወቀች።

«ሞተ?»

ያረጋል ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

እልል አለች። ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ እልል አለች። «እኔ ነኝ የመረዝሁት! ለካፒቴኑ ይንገሩብኝ፣ ይስቀለኝ! ልጄ ግን ከእንግዲህ በሰላም ይኖራል።»

«አንበሳውንማ በተሾምሁ በሳምንቱ ገድዬ ቀብሬዋለሁ» አላት ያረጋል፤ «ሥጋውን የምወስደው ለገብረማርያምና ለጓደኞቹ ነበር።»