ኮከብ የነበረባቸው ስሞች

«ሮዳስ፣ ኮከቦቹ የት ሄዱ?» አለች ሲስተር ዓይናዲስ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳፈጠጠች።

ሮዳስ ሳቀች። «ያ ሁሉ ቆሻሻ?» ለክሊኒኩ ድረ ገጽ የተሰጣት የስም ዝርዝር ሰረዝ፣ ነጥብና ኮከብ እንደ ጤፍ የተዘራበት ነበር። ከሁለት ወር በፊት አንድ መስመር ኮድ ጽፋ ከፊደልና ከቁጥር በቀር ያለውን ሁሉ ጠራረገችው። ሦስት መቶ አርባ ስም በአንድ ጊዜ ጠራ። የዚያን ቀን ከኩራት ብዛት የጭሮ ከተማ አልበቃቻትም ነበር።

«ኮከቡን እኔ ነኝ ያደረግሁት» አለች ዓይናዲስ። «ያበደ ውሻ ነክሷቸው ክትባት ጀምረው መድኃኒቱ ያለቀባቸው ናቸው። ሲመጣ በስልካቸው መልእክት የሚሄደው ኮከብ ላለበት ብቻ ነው። አልነገርኩሽም?»

«አልነገርሽኝም።»

«መድኃኒቱ ከመጣ ወር አለፈው። አንድም ሰው አልተመለሰም።»

ሮዳስ የድሮውን ፋይል ፈለገች። የለም፤ የጸዳውን በላዩ ላይ ነው ያስቀመጠችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ዓይናዲስ የወረቀቱን መዝገብ ጎትታ ገለጠች። «ፍጠኚ፣ ከዚህ እየለቀምን እንደውል። ሰው ውሃ መሸሽ ከጀመረ በኋላ ክትባት ምንም አያደርግለትም።» ጣቷ የመጀመሪያው ስም ላይ ቆመ። ጅብሪል ዓሊዩ።

የበሩ ዘበኛ። አሰቦት ዘመድ ጥየቃ ሄደው ነበር የተነከሱት። ጋሽ ጅብሪል አማርኛ ማንበብ ስለማይችሉ በየጠዋቱ ስልካቸውን ለሮዳስ ይሰጧታል። «ልጄ፣ መልእክት መጥቶ እንደሆን እዪልኝ።» እሷም እያየች «ማስታወቂያ ነው ጋሼ» ትላቸዋለች። ከማን እንደሚጠብቁ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃቸው አታውቅም።

እየሮጠች ወጣች። ጋሽ ጅብሪል አግዳሚው ላይ ግራ እጃቸውን እያሹ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ጅብሪል፣ ደህና ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ። እጄን ብቻ ይነዝረኛል፣ የተነከስኩበትን።»

አጠገባቸው ጠዋት የሰጠቻቸው ሃይላንድ ውሃ እንደታሸገ ቆሟል። ሮዳስ ከፈተችና አቀረበችላቸው። ውሃው ሲንቦጫረቅ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አንሺልኝ ልጄ» አሉ ጉሮሯቸውን ይዘው። በሌላው እጃቸው ስልኩን ዘረጉላት። «ይልቅ ይቺን እዪልኝ። ዛሬስ መጥቶ ይሆን?»