የኦፓል ልጅ የመያዣ ትዕዛዝ

ወይዘሮ ኦፓል ስታምፐር በዓመት አራት ጊዜ ከተራራው ወርደው ፍርድ ቤት ይመጡ ነበር። የሚመጡት ሁልጊዜ ማክሰኞ ነው፤ የሚጠይቁትም ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው።

«ልጄ፣ የክሌይ ወረቀት አሁንም አለ?»

ሬና ፉጌት በኬንታኪ ተራሮች መካከል ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ አሥራ ስምንት ዓመት በሬጅስትራርነት ሠርታለች። መልሱን በቃሏ ታውቀዋለች። ግን አሮጊቷ ኮምፒውተሩን ካላየሽልኝ ብለው ስለማይለቋት ስሙን ሁልጊዜ ትፈልገዋለች።

«አለ፣ እማማ ኦፓል። የመያዣ ትዕዛዝ ጊዜ አያልፍበትም። ሰውየው እስኪቀርብ ወይም ዳኛ እስኪሰርዘው ድረስ እንዳለ ይቀመጣል።»

«ተባረኪ» ይላሉ፤ ቦርሳቸውን ይዘው ይወጣሉ።

ጉዳዩ ተራ ነበር። ልጃቸው ክሌይ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በታገደ መንጃ ፈቃድ ሲነዳ ተያዘ፤ ቀጠሮ ተሰጠው፤ በቀጠሮው ቀን አልቀረበም። ዳኛውም ተይዞ ይቅረብ ብሎ ፈረመ። ሬና ዘንድ እንዲህ ያለ ፋይል በመቶ ይቆጠራል። ብዙዎቹ አንድ ቀን ሥራ ሊቀጠሩ ወይም ፈቃድ ሊያሳድሱ ሲሉ ስማቸው ተይዞ ያገኙታል፤ ከዚያ እየተሯሯጡ መጥተው ዳኛ ፊት ቆመው፣ አዲስ ቀጠሮ ይዘው ይሄዳሉ።

«እማማ፣ ዝም ብሎ ይምጣ» ትላቸዋለች ሬና። «በገዛ እግሩ ከመጣ ማንም አያስረውም። ግማሽ ቀን አይፈጅበትም።»

«ሳገኘው እነግረዋለሁ።»

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ሬና ባልጠረጠረች ነበር። ግን የአሮጊቷ ጥያቄ እየበዛ ሄደ። ሌላ ግዛት ውስጥ መኪናውን ቢያስቆሙት ስሙ ይታያቸዋል? ይታያቸዋል። ወደዚህስ ይደውላሉ? ይደውላሉ። አንድ ማክሰኞ ደግሞ መስኮቱ ላይ ተደግፈው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ ተጽፋለች?» አሉ።

ሬና ኮምፒውተሩን አየች። «አልተጻፈችም።»

የአሮጊቷ ፊት ልውጥ አለ። ለሬና እፎይታ መሰላት።

የችሎቱ ፖሊስ ቨርነን ኖብል ይህን ስትነግረው ሳቀ።

«ይሄ ምን ይጠየቃል! ልጁ ጓዳ ውስጥ ነዋ ያለው። ባለፈው በቤታቸው በኩል ሳልፍ ገመድ ላይ አምስት የወንድ ሸሚዝ ተሰጥቶ አየሁ። ባልየው ከሞቱ ሃያ ዓመታቸው። ሸሚዙን ማን ሊለብሰው ነው፣ ድመቷ?»

«ታዲያ ሄደህ አትይዘውም?»

«ለአንድ መንጃ ፈቃድ ብዬ የአሮጊት በር ልስበር? እናቴ አንገቴን ትቆርጠኛለች፤ አብረው ነው ቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩት።»

ሬና ከዚያ ወዲያ አሮጊቷን ባየች ቁጥር ትናደዳለች፤ ታዝናለችም። የሷም ወንድም እንዲሁ እናቱን መከለያ አድርጎ ኖሯል። እናትየው እስኪሞቱ ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጡ ነበር። እማማ ኦፓል እንደሷ እናት እንዲሞቱ አልፈለገችም።

በሚያዝያ አዲሱ ዳኛ አንድ ነገር አስታወቀ። ከአምስት ዓመት በላይ የቆዩ፣ ሰው ያልተጎዳባቸው የመያዣ ትዕዛዞች በአንድ ቀን ታይተው ይሰረዛሉ፤ ባለጉዳዩ ባይቀርብ እንኳ ቤተሰብ ከቀረበ ይበቃል። ሬና ዝርዝሩን ስታዘጋጅ የክሌይ ስታምፐርን ስም ከሁሉም በፊት ጻፈችው። ከዚያ ስልክ ደወለች። ስልኩ አንዴ ጮኾ ሳይጨርስ ተነሣ።

«ሬና ነኝ፣ ከፍርድ ቤት…»

«ያዛችሁት እንዴ?» አሉ እማማ ኦፓል።

«ኧረ አይደለም! አይደንግጡ፣ እማማ። ስለ ክሌይ ወረቀት ነው፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይምጡልኝ።»

«እሺ ልጄ» አሉና ዘጉት።

ሐሙስ ብቻቸውን መጡ። ቨርነን በኋላ በር ወጥቶ መኪና ማቆሚያውን ቃኘ፤ የሚጠብቃቸው ሰው የለም። ችሎቱ እንደ ሠርግ ቤት ሞቅ ብሏል። አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ሆዴን ወደ ውስጥ ስስብ ኖርኩ፤ ዛሬ ልልቀቀው!» እያለ አጠገቡ ያሉትን ያስቃል። እማማ ኦፓል አልሳቁም።

ዳኛው ገባና የመጀመሪያውን ፋይል ገለጠ።

«ክሌይ ስታምፐር። አለ?»

«የለም፣ ክቡር ዳኛ። እናቱ ነኝ።»

«ይበቃል። ዐቃቤ ሕግ?»

«ተቃውሞ የለንም።»

ዳኛው እስክሪብቶውን አነሣ። ሬና ከጠረጴዛዋ ሆና ለአሮጊቷ ፈገግ አለችላቸው። አላዩዋትም። ፊት ለፊታቸው ያለውን የእንጨት አግዳሚ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል።

«አይፈርሙ» አሉ።

ዳኛው ነገሩ ያልገባቸው መስሎት ቀስ ብሎ አስረዳቸው።

«እናቴ፣ ይህን ስሰርዘው ልጅዎ ነጻ ሆነ ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ በየትኛውም ግዛት፣ በየትኛውም መንገድ ላይ ማንም ፖሊስ አይፈልገውም።»

«እሱን ነው የምለው፣ ክቡር ዳኛ» አሉ እማማ ኦፓል። «ልጄ ከጠፋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሊሠራ የሄደበት አገር ፖሊሶች ትልቅ ሰው ወደ ፈለገበት ይሄዳል ብለው ፋይሉን ከዘጉት ቆዩ፤ እሱን የሚፈልግልኝ የቀረኝ ይህ ወረቀት ብቻ ነው።»