ማርከሻ

የጤና ጣቢያው አማካሪ አንገቱን ለምላጭ ሰጥቶ እንኳ ምክሩን አላቆመም። ጢሙን ሊላጭ ሳይሆን ጋሽ ዘርጋውን ከሱስ ሳያላቅቅ ላይመለስ ምሎ የመጣ ይመስላል።

«ቆይ ግን ጋሽ ዘርጋው፣ አንድ ሱስ አልበቃ ብሎዎት ነው? ትራማዶል ሲውጡ ይውላሉ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ጫት!»

«አልገባህም ዶክተርዬ» አሉ ፀጉር አስተካካዩ፣ አረፋውን ጉንጩ ላይ እያዳረሱ። «ቀኑን ሙሉ ቆሜ ወገቤ ሊቆረጥ ሲደርስ ክኒኗን እውጣለሁ። ሕመሙን ጭጭ ታደርግልኛለች፤ ግን እኔንም አብራ ታስተኛኛለች። ባለፈው የአንዱን ደንበኛ ግማሽ ጢም ላጭቼ ትከሻው ላይ አንኮራፋሁ! ስለዚህ ጫት እቅማለሁ። ጫቱ ዓይኔን ፍጥጥ ያደርገዋል፤ ግን እጄን ያንቀጠቅጠዋል። እጄ እንዲረጋ ደግሞ አንድ ክኒን እመርቅበታለሁ። አንዱ የሌላው ማርከሻ ነው።»

«የምን ማርከሻ፣ መጥፊያዎ ነው እንጂ! ስንት ጊዜ ልንገርዎ? ሁለቱንም ይተዉ!»

ጋሽ ዘርጋው ምላጩን ጉሮሮው ላይ አሳረፉ። ከዚያ መንጋጋቸው እስኪላቀቅ አዛጉ፤ የሚዝረበረብ አፍንጫቸውንም በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«እውነትህን ነው» አሉ። «ምክርህ ልቤ ገብቶ፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሁለቱንም እርግፍ አድርጌ ትቻለሁ።»

ምላጩ መንዘፍዘፍ ጀመረ።

አማካሪው ምራቁን መዋጥ ፈራ። ከንፈሩን ብዙ ሳያንቀሳቅስ፣ በተማጽኖ ድምፅ ጠየቀ፦

«ጋሽ ዘርጋው… ከነገ ቢጀምሩስ?»